«ልጆቹንስ ለማን ትተው ነው?»

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ቅዳሜ ጧት ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጓዙት ባልና ሚስት ጥቂት እንዳይደሉ ያስተውላል። እነዚህ ሙሽሮች አይደሉም። ሁለትና ሦስት ልጆች ያፈሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤትና በጓዳ መካከል ሲመላለሱ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸውን ለአያት ወይም ለአክስት ወይም ለቤት ሠራተኛ አደራ ሰጥተው፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ከሐይቅ ዳር ሊያድሩ ይሄዳሉ። ናይሮቢ የሚኖሩ ወላጆችም ወደ ናይቫሻ ሐይቅ እንዲሁ ይሄዳሉና ነገሩ የአንድ ከተማ ብቻ አይደለም። ጉዞው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላወቀ፣ ማንም ባልተናገረ ነበር። ዳሩ ግን ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሐይቁን፣ የምሳውንና የራሳቸውን ፎቶግራፍ በስልካቸው አንሥተው በፌስቡክና በቴሌግራም ለወዳጅ ለዘመድ ሁሉ ይልካሉ። እሑድ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ይቆያል፤ ወሬውም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ የተጠቀለለ ነው፤ «ልጆቹንስ ለማን ትተው ነው?»

ይህ ጥያቄ ከቅን ልብ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን የጥያቄ ልብስ የለበሰ ፍርድ ነው። አሳባችንን ከመጀመሪያው ለመግለጽ ያህል፣ ባልና ሚስት ለብቻቸው ጥቂት ማረፋቸው የሚነቀፍ ነገር ሆኖ አላገኘነውም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም ስለ ጉዞው አስቀድሞ የሚነገረው ለማን ነው? በቤት ለሚቀረው ልጅ ነውን፣ ወይስ በስልክ መስታወት ላይ ለሚጠባበቀው ሕዝብ?

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባብያን አንድ ነገር ሳያስተውሉ አልቀሩም። «ዐረፈ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው፤ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ዐረፈ ይባላል፤ ከዚህ ዓለም የተለየ ሰውም ዐረፈ ይባላል። «ዜና ዕረፍት» የሚል ርእስ በጋዜጣ ላይ ያየ እንግዳ፣ ስለ ሽርሽር የተጻፈ መስሎት ማንበብ ቢጀምር ከሁለተኛው መስመር ሳያልፍ ይደነግጣል። ለቀልድ ያህል ለመናገር፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕረፍትን ለመጨረሻው ቀን ያቆዩት ይመስላል። «ሽርሽር» ግን ሌላ ነው፤ «መንሸራሸር» ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ሲሆን፣ ያለ ጉዳይ፣ ለመንፈስ ደስታ ብቻ ወዲያና ወዲህ ማለትን ያመለክታል። ጉዳይ የሌለው ጉዞ ደግሞ በባላገር ቤት የሚታሰብ አልነበረም። ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ ንግሥ ይሄዳል እንጂ፣ «ዝም ብዬ ልሂድ» ብሎ ከቤቱ አይወጣም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የቀድሞ ወላጅ ከልጁ ተለይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለታቸውን ይዘው ከሩቅ አገር የሚጓዙ ሰዎች ልጆቻቸውን ሁሉ አዝለው አልሄዱም፤ ለአያት ሰጥተው ነበር የሚሄዱት። ስለ አራስ ልማዳችንም እናስብ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናት አባቷ ቤት ሄዳ መውለዷ በብዙ አውራጃ የታወቀ ነው። በዚያ ገንፎውን ሌላ ሰው ያገነፋል፤ ውሃውን ሌላ ሰው ይቀዳል፤ ሕፃኑንም ሌላ ሰው ይታቀፍላታል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ የምትታየው እንደ እንግዳ ነው። እናት እንደምትደክም፣ የደከመችውንም ሌላ ሰው ሊያሳርፋት እንደሚገባ አገሩ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያወቀው ግን ለአንድ ወቅት ብቻ ነበር። ሰማንያው ቀን ካለፈ በኋላ ስለ ድካሟ የሚጠይቃት አልነበረም።

ያም ሆኖ በአሮጌው ሰፈር ሌላ መላ ነበረ። ግቢው አንድ ነው፤ አንደኛዋ ቡና ስታፈላ አምስት እናቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ ይጫወታሉ፤ ልጆቹም በግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ የወደቀውን የቀረበችው ታነሣዋለች፤ ያጠፋውንም የማንም ልጅ ይሁን የማን የደረሰችበት ትቆጣዋለች። ከልጅ መራቅ ሳያስፈልግ ከልጅ ማረፍ ይቻል ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ግን በሩ ዝግ ነው፤ ደረጃው ለሕፃን ያሰጋል፤ ጎረቤቱም ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነው፤ ልጁን የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሐይቅ የሚሄዱት ባልና ሚስት አዲስ ቅንጦት ፈለጉ ከማለት ይልቅ፣ የጠፋባቸውን የቡና ሰዓት በገንዘብ ይገዛሉ ማለት ለእውነት የቀረበ ይመስለናል። ውድ ሆኖባቸዋል፤ ግን ሌላ ገበያ የለውም።

ሕጉም ቢሆን ዕረፍትን እንደ ቀላል ነገር አልተመለከተውም። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ፈቃዱንም በገንዘብ መለወጥ በመሠረቱ ክልክል ነው። ሕግ አውጪው ዕረፍት በብር እንዲተካ አልወደደም። ያው አዋጅ ለምትወልድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ሲሰጣት፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሌሊት የሚነሣው ማን እንደሆነ ከዚህ ቍጥር ብቻ መገመት አያስቸግርም። ስለ ዓመት ፈቃዱ አዋዋል ግን ምን እንበል? ቤት የሚያሠራው ሲሚንቶ ሲያራግፍ፣ ዘመድ የሞተበት ለቅሶ ሲቀመጥ፣ ሌላውም በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጉዳይ ሲያስፈጽም ያልቃል። ፈቃድ ላይ ሰንብቶ ከበፊቱ ይልቅ ከስቶ የሚመለስ ጸሐፊ ያላየ አለቃ ያለ አይመስለንም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ባል ከጓደኞቹ ጋር ላንጋኖ ወርዶ ዓሣ ሲበላ የተነሣውን ፎቶግራፍ ቢልክ፣ «ደግ አደረግህ፤ ትንሽ ተናፈስ» የሚሉት ይበዛሉ። ስለ ልጆቹ የሚጠይቀው የለም፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር እንደሚሆኑ ሁሉም ያውቃልና። ሚስት በዚያው ሐይቅ ዳር፣ በዚያው ወንበር ላይ ብትነሣ ግን «ልጆቹንስ?» የሚለው ቃል ከሥሯ ይጻፋል። ከባሏ ጋር ሄዳም ሳለች የምትጠየቀው እርሷ ብቻ ናት፤ ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰው የልጆቹ አባት መሆኑ የተረሳ ይመስላል። ጠያቂዎቹም ብዙ ጊዜ ሴቶች መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። አንዳንዷ የምትጠይቀው፣ እርሷ ራሷ ስታሳድግ ማንም ያላሳረፋት በመሆኑ ነው። ይህ ይገባናል፤ ትክክለኛ ፍርድ ነው ግን አንልም።

አሳሳቢው ነገር ደግሞ ትዳሩ ራሱ ነው። ሁለት ሰዎች ለዐሥር ዓመት ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ሕፃን ትኩሳት፣ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ዋጋ ብቻ ሲነጋገሩ ቢኖሩ፣ ልጆቹ አድገው ከቤት በሚወጡበት ቀን ማዕድ ላይ የሚተያዩት እንደ እንግዳ ነው። ሽማግሌ ገብቶ የሚያስታርቃቸው ጠብ እንኳ የላቸውም። ሁለት ሌሊት ይህን ያድናል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በሁለት ሌሊት ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ልጅ ሳያቋርጠው መጨረስ ይቻላል።

አሁን ስለ ልጁ እንናገር፤ ፍርድ የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። በእንግሊዝ አገር ይኖሩ የነበሩት ጄምስ ሮበርትሰንና ባለቤታቸው ጆይስ፣ እ. ኤ. አ. በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ እናቶቻቸው ለመውለድ ሲሄዱ ለጥቂት ቀናት የተለዩ ሕፃናትን በፊልም አንሥተው አስቀርተዋል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ እኩያሞች ነበሩ፤ ሁለቱም የ17 ወር ልጆች ናቸው። ጆን የተባለው ሕፃን 9 ቀን በሕፃናት ማቆያ ተቀመጠ። ሞግዚቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን በየፈረቃው ይለዋወጡ ነበር። ሕፃኑ መጀመሪያ አንዷን፣ ቀጥሎ ሌላዋን እየተከተለ ዕቅፍ ለመነ፤ አላገኘም፤ አለቀሰ፤ ምግብ እንቢ አለ፤ በመጨረሻም አንድ ትልቅ የጨርቅ ድብ አቅፎ ተኛ። እናቱ በመጣች ጊዜ ፊቱን ከእርሷ አዞረ። ጄን የተባለችው ደግሞ 10 ቀን በሮበርትሰኖች ቤት ሰነበተች። የሚያሳድራት አንድ ሰው ነበር፤ ቤቱንም ሰዎቹንም አስቀድማ ተለማምዳለች። እርሷም ቅር ተሰኝታ ነበር፤ ናፍቃለችም፤ ግን እንደ ጆን አልተሰበረችም። ሮበርትሰኖች በቤታቸው ለሚቀበሏቸው ልጆች የየራሳቸው ብርድ ልብስና መጫወቻ አብሮ እንዲመጣ ያደርጉ ነበር፤ የእናታቸውም ፎቶግራፍ አብሯቸው ነበር።

ስለ ፎቶግራፍ በምንናገርበት በዚህ ጽሑፍ ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲያስተውለው እንወዳለን። ፎቶግራፉ የተሰጠው ለሕፃኑ ነበር።

የ17 ወር ሕፃንና የ8 ዓመት ልጅ አንድ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ሕፃኑ «ነገ» የሚለውን ቃል አያውቅም፤ ለእርሱ የሄደ ሁሉ ጨርሶ የሄደ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ገና ያላነገበ ወላጆች ጉዞውን ቢያሳጥሩት፣ ወይም አያቲቱ በማታውቀው ቤት ሳይሆን በልጁ ቤት መጥታ እንድታድር ቢለምኗት ይሻላል። የ8 ዓመቱ ልጅ ግን ቀን መቍጠር ይችላል። የሚጎዳው የወላጆቹ መሄድ ሳይሆን አካሄዳቸው ነው።

በእኛ ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ልጁን አታሎ መውጣት። ሠራተኛይቱ ልጁን ወደ ጓሮ ወስዳ ዶሮ ስታሳየው እናቱ በዋናው በር ሹልክ ትላለች። ልቅሶውን ላለመስማት ነው። ልቅሶው ግን አልቀረም፤ እናቲቱ በሌለችበት ተለቀሰ እንጂ። ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮ ሲያሳዩት በሩን መመልከት ይማራል፤ እናቱ ወደ መታጠቢያ ቤት እንኳ ስትሄድ ቀሚሷን ይዞ ይከተላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ውሸቱ ነው። «ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው የምንሄደው» ተብሎ የተነገረው የ10 ዓመት ልጅ ማታ በአክስቱ ስልክ ላይ አባቱ በዋና ልብስ፣ እናቱ በጥቁር መነጽር ሲሥቁ ያያል። አክስትም ልታስደስተው አስባ «እያቸው እናትህና አባትህ!» ትለዋለች። ልጁ ያየው ደስታቸውን አይደለም፤ የዋሹት መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ አባቱ በእውነት ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ቢሄድ ማን ያምነዋል?

እውነቱን መናገር ይህን ያህል ከባድ አይደለም። «እኔና አባትህ ደክሞናል፤ ሁለት ሌሊት ቢሾፍቱ አድረን እሑድ ለመክሰስ እንመለሳለን፤ እማማ ከአንተ ጋር ያድራሉ፤ ማታ ከመተኛትህ በፊት እንደውልልሃለን» ቢባል፣ ልጁ ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ። የሚያኮርፈው በሚያውቀው ነገር ነው። እሑድም ለመክሰስ ከተባለ ለመክሰስ መድረስ ይገባል፤ ከአዳማ መንገድ የሚመለሰው መኪና ማታ ማታ እንዴት እንደሚጨናነቅ የሚያውቅ አባት ቀደም ብሎ ይነሣል።

አሁን ፎቶግራፉን እንመልከት። በዘመነ ምኒልክ ከቤተ መንግሥት ጀምሮ እነ ቦያጂያን የመሰሉ አርመናውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች በአዲስ አበባ ሲሠሩ፣ ፎቶግራፍ መነሣት ትልቅ ጉዳይ ነበር። በኋላም ቤተ ሰብ ሁሉ ለብሶ፣ ልጆቹን ከፊት አሰልፎ ይነሣ ነበር፤ ፎቶግራፉም በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚያየው ደጁን አንኳኩቶ የገባ፣ እንጀራ የቆረሰ እንግዳ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ፎቶግራፉ ደጅ አይጠብቅም። ፈቃድ ጠይቆ የተከለከለው የሥራ ባልደረባ ያየዋል፤ ብድሩ ያልተመለሰለት ዘመድ ያየዋል፤ ሦስት ልጆች ሲያባብሉ የዋሉትና ወገባቸውን የሚያማቸው አያት ያዩታል፤ ቤቱ ባለቤት እንደሌለው ለማወቅ የሚፈልግ ሌባም ቢሆን ያየዋል። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ፎቶግራፉን እስከ ሰኞ ለማቆየት የሚበቃ ምክንያት ነበር።

ደስታን ለወዳጅ መንገር በራሱ ነውር አይደለም። ተሞግሰው የማያውቁ እናትና አባት «አምሮባችኋል» የሚል ቃል ቢናፍቁ አይፈረድባቸውም፤ በእነርሱ ፎቶግራፍም ሌሎች ባልና ሚስት ለጉዞ ድፍረት የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቅዳሜ በምሳ ሰዓት የሚነሣው የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ወደ ቤት ቢላክስ? «ሐይቁ ይህ ነው፤ ዳክዬዎቹን ተመልከት» ተብሎ ለልጁ ቢደርስ፣ አክስቲቱ ሰኞ የምታሳየው ሁሉ ለእርሱ የታወቀ ወሬ ይሆናል።

ፎቶግራፍ የሚያሳየው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ደግሞ በዐረብ አገር ያሉ እናቶቻችን ያስተምሩናል። በቤሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እናት፣ ዕረፍት ባገኘችበት ቀን አዲስ ልብስ ለብሳ በባሕር ዳር ተነሥታ ፎቶግራፏን ወደ አገር ቤት ትልካለች። የምትልከው ለእናቷ «አታስቢ» ለማለት ነው። በሰፈር ግን «እርሷማ ደልቷታል፤ ልጇን ረስታ ትዝናናለች» ይባላል፤ ልጁም ይህን ይሰማል። ያቺ ሴት ከልጇ የተለየችው ለሽርሽር አይደለም። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያች የባሕር ዳር ሴት ደመወዝ የሚወጣ መሆኑን ፎቶግራፉ ላይ የጻፈው የለም። ስለዚህ በሥዕሉ ሥር «ልጆቹንስ?» ብሎ ለመጻፍ የሚጣደፍ ሰው፣ ማንን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

ስለ አንድ ሰው ሳንናገር ቀርተናል፤ ልጆቹን ይዛ ስለምትቀረው የቤት ሠራተኛ። ከላይ ያነሣነው የ16 ቀን ፈቃድ እርሷን አይመለከታትም፤ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሥራን ከወሰኑ ውጪ አድርጎታልና። ያላት ዕረፍት ከቤቱ ባለቤቶች ጋር የተስማማችበት ነው፤ በብዙ ቤት ይህ እሑድ ነው፤ ያውም ሙሉው ቀን ሳይሆን ቅዳሴ ሄዳ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስበት ያህል። ባልና ሚስቱ ከቅዳሜ እስከ እሑድ ሲሄዱ የሚጓዙት በእርሷ እሑድ ነው። ብዙዎች ይህን ሳያስቡት ያልፋሉ፤ ዓርብ ማታ ሻንጣ እያሰሩ «ነገ እንሄዳለንና ልጆቹን አደራ» ይሏታል። አደራ ከባድ ቃል ነው፤ በአማርኛ አደራ የተቀበለ ሰው ቢተኛ እንኳ በአንድ ዓይኑ ነው የሚተኛው። ከሳምንት በፊት ቢያስታውቋት፣ የሌሊቱን ዋጋ ለብቻው ቢከፍሏት፣ ለጠፋባትም እሑድ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ቢሰጧት ተገቢ ነው።

ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። እርሷ ሁለቱን ቀን ስትወጣ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆችና ከአንድ ጓዳ ዕቃ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ፤ በዚያን ቀን ፎቶግራፍ የሚያነሣ አይገኝም።